የከፋለ ታፔላ

ቢቸና፣ ኅዳር 8 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለባልንጀራዬ ለውበቴ፤

የሞጣ ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔ ጤና ነኝ፣ ቤቱም ጤና ነው፣ ዶሮዎቼም ጤና ናቸው። ሰላምታውን እዚህ ላይ ላቁመው። አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን «የጥሩአየሁ ደብዳቤ በሰላምታ ተጀምሮ በሰላምታ ያልቃል» ስትለኝ አንቺ ከዴስኩ ሥር ገብተሽ ትስቂ እንደነበር አልረሳሁትም።

አዎ፣ የሰማሽው እውነት ነው። አላበድሁም። ማን እንደነገረሽም አውቃለሁ፤ ወንድሜ ፈረደ ነው። ጨው ሊሸጥ ሞጣ በወጣ ቁጥር «እኅቴ የመንግሥት ደመወዝ በእግሯ ገፋች» እያለ ለሰው ሁሉ ሲያወራ ከርሟል። ገፍቼው አይደለም እቴ፣ አስቀምጬው ነው የመጣሁት። ይኸን ሁሉ ዓመት ጠዋት ጠዋት ለልጃገረዶቹ የእጅ ሥራ አስተማርሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጸሐፊ ስለሌለ ተብሎ የተማሪ ስም መዝገብ ስገለብጥ ኖርሁ። ስሙን በቁም ጽሕፈት እጽፋለሁ፣ ከጽሑፉ ዳር ባለው ኅዳግ ላይ ወፍና ሐረግ እሥላለሁ። አንድ ቀን ዲሬክተሩ መዝገቡን ገልጦ ገልጦ «ወይዘሮ ጥሩአየሁ፣ ይኸ የተማሪ መዝገብ ነው ወይስ ተአምረ ማርያም?» አለኝ። እሱ ለቀልድ ነው። እኔ ግን ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ ከመዝገቡ ውስጥ የምወደው ኅዳጉን ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

የአባቴን የአለቃ ሣህለ ማርያምን ነገር ታውቂያለሽ። ደብረ ወርቅ ላይ ለቤተ ክርስቲያን ሲሥል ቀለም እየፈጨሁለት ነው ያደግሁ። ሴት ልጅ ሥዕል ቤት አትገባም ተብዬ ወደ አዲስ አበባ ለትምህርት ስላክ ብሩሹ እዚያው ቀረ። አሁን አባቴ የለ፣ ባሌም የለ፣ ልጅ አልወለድሁ፤ ማን ይከለክለኛል?

እንግዲህ ከመስከረም ጀምሮ በራሴ እጅ እየሠራሁ ነው። ለአንድ ሙሽራ የሠርግ መጥሪያ ሠራሁ፤ ቀለበቶቹን በወርቅማ ቀለም አድርጌ። ለሴቶች የጥልፍ ንድፍ በጨርቅ ላይ እሥላለሁ። ግንደወይን ላለው ትምህርት ቤት የፊደል ገበታ ከነሥዕሉ አዘጋጅቻለሁ፤ «በ» ላይ በግ፣ «ጦ» ላይ ጦጣ። ጦጣዋ ፈረደን ትመስላለች ብሎ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔ ግን አስቤ አላደረግሁትም።

ዲሬክተሩ ደግ ሰው ነው። ቦታዬን እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ድረስ ሌላ ሰው ሳይቀጥርበት ሊጠብቀኝ ተስማማ። እስከዚያ ሥዕሉ ካበላኝ አበላኝ፤ ካላበላኝ አንገቴን ደፍቼ ወደ መዝገቤ እመለሳለሁ። ፈረደ ይኸን ሰምቶ «ዳግማይ ትንሣኤ» ብሎ በከሰል በቤቴ በር ላይ ጽፎልኛል፣ ስወጣ ስገባ እንዳየው። ጽሕፈቱ የዶሮ ጭረት ነው።

ስለዚያ ስለ ፀጉር አስተካካዩ የጻፍሽልኝ ነገር ከልቤ ገብቷል። እሠራለታለሁ። ፎቶግራፉን ላኪልኝ፣ የሚፈልገውንም ጠይቂው። ሞጣ ላይ አንድ ታፔላ ከተሰቀለልኝ ሌላው በራሱ ይመጣል።

ጥሩአየሁ

*

ሞጣ፣ ኅዳር 27 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለጥሩአየሁ፤

ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ተቀምጬ ሳነብ ብቻዬን ስስቅ ካርድ ሊያወጣ የመጣው በሽተኛ ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንዱማ «እኛስ ታመን መጣን፣ እሷ ምን ሆነች?» አለ።

ፎቶግራፉ ይኸውልሽ። ለመታወቂያ የተነሣው ስለሆነ የተቆጣ ይመስላል እንጂ ከፋለ እንኳን በሰው በዝንብም አይቆጣ። ሱቁ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ነው። ከአስመራ ሙያ ተምሮ መጥቶ የሚሽከረከር ወንበርና ትልቅ መስታወት ገዝቷል፤ ወንበሩ ላይ ግን የሚቀመጠው እሱ ራሱ ነው። የዚህ አገር ሰው እቤቱ በምላጭ መላጨት ነው የለመደው፤ ማስተካከል የሚባለው ነገር ገና አልገባውም። ስለዚህ ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ሰው ፊቱን ከሩቅ እንዲያውቀው፣ ቆረጣውም ጥርት ብሎ እንዲታይ።

ተጠንቅቀሽ ሥሪ። ካላማረ በየቀኑ በመስኮት የማየው እኔ ነኝ።

ውበቴ

*

ቢቸና፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለውበቴ፤

ሳል ይዟታል ሲሉ ሰማሁ፤ ተሻለሽ? ጦስኝ በማር አፍልተሽ ጠጪ፤ የሐኪም ቤት ሰው ነኝ ብለሽ ጦስኝን አትናቂ።

ታፔላው ዛሬ ተነሥቷል። ሾፌሩ ይርጋለም በጭነት መኪናው ከጋቢናው ኋላ፣ በጆንያ ጠቅልሎ፣ በገለባ ደግፎ ይዞታል። «እሜቴ፣ እንቁላል ነው እንዴ የሚጫኑት?» አለኝ። ከእንቁላል ይብሳል፣ ይኸ ገና ሳይፈለፈል ነው የሚሰበረው አልሁት።

አሁን እንዴት አድርጌ እንደሠራሁት ልንገርሽ፤ ካልነገርሁሽ እንቅልፍ አይወስደኝም። ቆርቆሮውን በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጌ ነጭ ቀለም ደጋግሜ ቀባሁት። ከዚያ ከአዲስ አበባ ያመጣኋቸውን የፈረንጅ መጽሔቶች አወጣሁ። የውጭ አገር ፀጉር ቤቶች ሰውን ከጎኑ ነው የሚሥሉት፤ ይገርምሻል። ለካ ከፊት ከሣልሽው ግንባሩ ብቻ ነው የሚታይሽ። ከጎን ሲሆን ግን ጆሮው ዙሪያ፣ ማጅራቱ፣ ከኋላ እየሳሳ የሚወርደው ፀጉር፣ ሁሉ አንድ በአንድ ይታያል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ፊቱንም ሌላ ሰው ከማደርገው ብዬ የራሱን የከፋለን ፊት ሰጠሁት፤ ሰው ከሩቅ ይወቀው ብለሽ የለ? አፍንጫው ቀጥ ያለ፣ አገጩ ወደፊት ወጣ ያለ፣ ቁጣውን ከፊቱ ላይ አንሥቼለታለሁ። ከበላዩ በቀይ ፊደል «ከፋለ ፀጉር አስተካካይ»። ፊደሉን እያንዳንዱን ጥላ ጥላ አበጅቼለታለሁ።

ፈረደ ሊያየው መጥቶ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ እየዞረ አየው።
«ምነው?» አልሁት።
«ምንም። እኔ ሥዕል አላውቅም፣ እታለም።»
«ተናገር እንጂ።»
«ወዴት ነው የሚያየው?»
«ወደ ገበያው ነዋ፣ ሰው ሊጠራ።»
«እህ» ብሎ ወጣ። የጨው ነጋዴ እንግዲህ ስለ ሥዕል ምን ይለኛል።

እንዴት እንደተቀበሉት ቶሎ ጻፊልኝ። ቢቻልሽ ይርጋለም ሲመለስ በእሱ እጅ ይሁን።

ጥሩአየሁ

*

ሞጣ፣ ጥር 3 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለጥሩአየሁ፤

ሳሌ ለቆኛል፤ ጦስኙ ነው ያዳነኝ፣ ለሐኪሙ እንዳትነግሪብኝ።

ታፔላው በደህና ደርሷል። ይርጋለም በጥንቃቄ ነው ያመጣው፤ አንድ ቦታ እንኳ አልተጫረም። ቆርቆሮው ጠንካራ ነው። ፊደሎቹ ልቅም ያሉ ናቸው፤ በተለይ «ፀ»ዋ ታምራለች። ምስማሩንም ከፋለ ራሱ ነው የመታው።

የጥምቀት ዝግጅት ተጀምሯል። ጤፍ ዘንድሮ ጥሩ ነው። የጤና ጣቢያው አጥር ተጠግኗል። መስኮቴ ላይ መጋረጃ ሰቅያለሁ፣ ፀሐዩ ስለበዛ።

ከፋለ ሰላም ብሎሻል።

ውበቴ

*

ቢቸና፣ ጥር 16 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለውበቴ፤

እንኳን ከጥምቀቱ በደህና አወጣሽ። የቆርቆሮዬን ጥንካሬ ስላመሰገንሽልኝ አመሰግናለሁ። ቆርቆሮውን ግን የሠራሁት እኔ አይደለሁም።

አንቺ ሰው፣ እኔ አንቺን አላውቅሽም? አዳሪ ቤት ሳለን ለበዓል የሰፋሁትን ቀሚስ ለብሼ ስመጣ «ቁልፎቹ ያምራሉ» ብለሽኝ፣ ከኋላዬ እስከ ወገቤ ተተርትሮ እንደነበር ያወቅሁት ሰልፍ ላይ ነው። አሁንም «ፀ»ዋ ታምራለች አልሽኝ። ስለ ፊቱ አንድ ቃል የለም። ስለ አጥር ግን ጽፈሻል። መጋረጃስ በጥር ምን ፀሐይ በዛብሽ? መስኮትሽ ወደ ሰሜን የሚያይ መሆኑን ካርድ ክፍል ሲሰጡሽ አንቺው ነሽ የጻፍሽልኝ።

ነገሩ ከሞጣ ወደዚህ ራሱ እየመጣ ነው። አንድ የልብስ ሰፊና አንዲት ጠጅ ሻጭ «ለእኛም ሥሪልን» ብለው ልከውብኝ ነበር። በዚህ ሳምንት ሁለቱም በየፊናቸው «ትንሽ ይቆይልን» ብለው ላኩ። ለምን እንደሚቆይ ግን አልነገሩኝም። ፈረደ መጥቶ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በከሰል አደመቀው፤ ደብዝዟል ብሎ። ዶሮዎቹ እንኳ ስወጣ በዓይን የሚከተሉኝ መሰለኝ።

እቴ ውበቴ፣ እኔ የሚያስፈራኝ እውነቱ አይደለም። የሚያስፈራኝ ወደዚያ መዝገብ መመለስ ነው። የተበላሸውን ካወቅሁት ላበጀው እችል ይሆናል፤ ካላወቅሁት ግን እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ቁጭ ብዬ «ፀ»ዬን ሳደንቅ ነው የሚመሽብኝ። ጻፊልኝ። እንዳትራሪልኝ።

ጥሩአየሁ

*

ሞጣ፣ ጥር 28 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለጥሩአየሁ፤

ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ታፔላው የተሰቀለው በገበያ ቀን ነው። ሰው መጣ፣ ቆመ፣ አየ። መጀመሪያ የተናገረው አንድ የቅኔ ተማሪ ነው። ሥዕሉን አየ፣ ከፋለን አየ፣ እንደገና ሥዕሉን አየና በጣም በትሕትና «ጌታዬ፣ ለመሆኑ ማንን አሳልፈው ሰጡ?» አለው።

ከፋለ አልገባውም። እኔ ከመስኮቴ ሆኜ ገባኝ። አንድ ዓይን ነው ያለው፣ ጥሩአየሁ። ከጎኑ ሥለሽው አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው። የሞጣ ሰው ዕድሜ ልኩን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን ተሥሎ ያየው ይሁዳን፣ ዲያብሎስንና ጌታን የገረፉትን ነው። አሮጊቶቹ በዚያ ሲያልፉ አማተቡ። ልጆቹ «ይሁዳ ፀጉር ቤት» አሉት። አንድ ሽማግሌ ሊስተካከሉ ገብተው ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ «የኔንስ ዓይን ስንት አድርገህ ትለቀኛለህ?» ብለው ተነሥተው ሄዱ።

የባሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ከፋለ ችግሩ ዓይን መሆኑ ሲገባው ጥቁር የጫማ ቀለም አምጥቶ በገዛ እጁ ሁለተኛ ዓይን ጨመረበት። ቦታ ስላጣ ጆሮው አጠገብ ነው ያደረገው። ትንሽ ሆነ ብሎ ደግሞ አሰፋው። አሁን ከሩቅ ሲታይ ጆሮው የሚያይ ይመስላል። መጋረጃውን የሰቀልሁት ለዚህ ነው፤ ሥራ ላይ ሆኜ መሳቅ አልችልም፣ ማልቀስም አልችልም።

አልተቀየመሽም። «ፊቴን ከፎቶዬ እያወቀችው ምን በደልኋት?» ብቻ ይላል። ወንበሩን ለመሸጥ ሰው እያፈላለገ ነው። እስካሁን ያልነገርሁሽ በርሽ ላይ የተጻፈውን ቀን እያሰብሁ ነው። አሁን ነገርሁሽ።

ውበቴ

*

ቢቸና፣ የካቲት 12 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለውበቴ፤

ጆሮው የሚያየው ላይ ስደርስ ወንበር ይዤ ሳቅሁ። ጎረቤት «ምን ሰማሽ?» ብሎ መጣ። ሳቄ ሲያልቅ ደግሞ አባቴ ትዝ አለኝና ፊቴ ጋለ።

እኔ የአለቃ ሣህለ ማርያም ልጅ፣ ፊደል ሳልቆጥር ያወቅሁት ሕግ ይኸ ነው፦ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ዓይን። አባቴ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ክፉ ሰው ሙሉ ፊቱን አይሰጥሽማ» ይለኝ ነበር። ይኸን እያወቅሁ በፈረንጅ መጽሔት ተታልዬ፣ ያን ምስኪን ከነአፍንጫው ሲኦል ከተትሁት። ፈረደ «ወዴት ነው የሚያየው?» ሲለኝ እኮ ይኸንኑ ማለቱ ነበር፤ እኔ ግን ጨው ነጋዴ ብዬ ናቅሁት።

ከፋለ ወንበሩን እንዳይሸጥ ንገሪው። እግሩን ይዘሽም ቢሆን።

አዲስ ታፔላ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መጥቶልሻል፤ ዋጋ የለውም፣ ቢሰጥሽም እንዳትቀበዪ። ሳልተኛ ነው የጨረስሁት። ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ነው ያለው። በግራ በኩል ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ጺሙ ጆሮውን የሸፈነው ሰው አለ፤ ከጎኑ የተሣለ፣ ባለ አንድ ዓይን። ከሥሩ «ሲገባ» ይላል። በቀኝ በኩል ከፋለ ራሱ ተስተካክሎ፣ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑን እንደ መልአክ ፈጥጦ ሰውን ያያል። ከሥሩ «ሲወጣ»። ቆረጣው እንዳይጠፋብኝ ከጆሮዎቹ በላይ ያለውን መስመር በቀጭን ብሩሽ ለብቻው አውጥቻለሁ። መጽሔቱ የነገረኝንም አባቴ የነገረኝንም አንድ ቆርቆሮ ላይ አስቀመጥኋቸው፤ ይስማሙ አይስማሙ የሞጣ ሰው ይፍረድ።

የ«ሲገባ»ውን ሰው ማን ነው ቢሉሽ ማንም አይደለም በይ። ከሞጣ ሰው ማንንም እንዳይመስል ብዬ አፍንጫውን ከፈረደ ወስጄዋለሁ።

አሮጌውን ታፔላ እንዳትጥዪው። ያን ጆሮው የሚያየውን ለይርጋለም ስጪልኝ፣ እፈልገዋለሁ።

ትናንት መዝገቡ በሕልሜ መጣ። ስሞቹ ሁሉ አንድ ዓይን ነበራቸው። ይኸኛው ካልሆነ ሌላ ታፔላ የሚያሠራኝ አይኖርም፣ እኔም ከዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ደወል ሲደወል ቢሮዬ ገብቼ እቀመጣለሁ። እንግዲህ ያለው ይኸ ነው።

ጥሩአየሁ

*

ሞጣ፣ መጋቢት 18 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለጥሩአየሁ፤

ጾሙን እንዴት ይዘሽዋል? «እንዴት ሆነ?» ብለሽ ሁለት ጊዜ በሰው ልከሽብኛል። አልነግርሽም። ቆርቆሮው ጠንካራ ነው ብዬ ከጻፍሁልሽ በኋላ በሥዕል ነገር ቃሌን የምታምኚኝ አይመስለኝም። ከሌላ ሰው ስሚው። መጋረጃውን ግን አውርጄዋለሁ።

አሁን ሌላ ነገር። የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ሐኪሙ ትናንት እኔ ክፍል መጥቶ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያይ ቆየና «ይኸን የሠራችው ሴት ለኛ ትሠራልናለች?» አለኝ። የዓይን ማዝ ልጆቹን ፈጅቷቸዋል። ከላይ የሚላክልን ወረቀት ጽሑፍ ብቻ ነው፤ እናቶቹ ደግሞ አያነቡም። በጨርቅ ላይ የተሣለ ትልልቅ ሥዕል ይፈልጋል፣ ለሞጣም፣ በየገጠሩ ላሉት ክሊኒኮችም፣ ለቢቸናም። ሥራው ቢያንስ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ነው። አሳቡ እንዲህ ነው፦ ፊቱን ያልታጠበው ልጅ በአንድ ዓይን፣ የታጠበው በሁለት ዓይን፣ እንደ ከፋለ።

አሮጌውን ታፔላ ለይርጋለም ሰጥቻለሁ። ከፋለ ሲለየው ትንሽ ቅር አለው።

መልስሽን ቶሎ ላኪ።

ውበቴ

*

ቢቸና፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለውበቴ፤

እንኳን ከጾም ወደ ፍስክ አሸጋገረሽ። ከዶሮዎቼ አንዷ ብቻ ቀርታለች፤ እሷንም አልዋሻትም፣ ታውቀዋለች።

ከሌላ ሰው ስሚው ብለሽኝ ነበር። ሰማሁት። ከፋሲካ በፊት በነበረው ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ፣ ሁለት የግንደወይን ሰዎች በቅሎ ሲያራግፉ ከጎናቸው ቆሜአለሁ። አንደኛው ጎልማሳ ፀጉሩ እንደ ጎተራ ክዳን ተንጨባሯል። ጓደኛው አየውና «አንተ፣ አንድ ዓይን ሆነሃል እኮ። ፋሲካ ሳይደርስ ተስተካከል» አለው።

እኔ ሽንኩርቱን እንደያዝሁ ቀረሁ።

«ወንድሜ፣ ይኸን አነጋገር ከየት አመጣኸው?» አልሁት።
«ከሞጣ ነው እሜቴ። አሁን እዚያ ያልተስተካከለ ሰው ሁሉ አንድ ዓይን ነው የሚባለው። አንድ ፀጉር ቤት አለ፣ ሰው ተሰልፎ ነው የሚገባው፤ ይሁዳ ሆነው ገብተው ጻድቅ ሆነው ይወጣሉ።»
«ታፔላውን ማን ሣለው ይላሉ?»
«የአዲስ አበባ ሰው ነው አሉ። ወንድ ነው፣ ጺም አለው።»

አላረምሁትም። ጺሙንም ተቀበልሁ። ሽንኩርቱን ሳልከፍል ሄጄ ሻጯ እየጮኸች ተከተለችኝ፤ ይቅርታ ብዬ ሌላ ሽንኩርት ገዛሁ፣ የመጀመሪያውን እዚያው ረስቼ። የልብስ ሰፊውና ጠጅ ሻጯም በማግሥቱ ልከውብኛል። ሁለቱም «ሲገባ» እና «ሲወጣ» እንዲኖረው ይፈልጋሉ። ጠጅ ሻጯን ነገሩ በጠጅ ቤት የተገላቢጦሽ ነው፣ ይቅርብሽ ብያታለሁ።

አሁን ለሐኪሙ መልሴ። ሥራውን ተቀብዬአለሁ። ነገር ግን ልጁን በአንድ ዓይን አልሥለውም፣ ይኸን በትሕትና ንገሪልኝ። የታመመ ልጅ ኃጥእ አይደለም። እናቱ ያን ሥዕል አይታ በልጇ ስታዝን አልፈልግም፤ ውኃው ሩቅ የሆነው በሷ ጥፋት አይደለም። ልጁ ሳይታጠብም ሁለት ዓይን፣ ታጥቦም ሁለት ዓይን ይኖረዋል። የአንድ ዓይኑን ነገር ለዝንቧ እሰጣታለሁ። ዝንቧን ከጎኗ፣ ጉንጩ ላይ ቁጭ ስትል እሥላታለሁ፤ ያን ጊዜ የሞጣ እናት ማንን ማባረር እንዳለባት ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። ሐኪሙ ከተስማማ ጨርቁን ይላክልኝ። ካልተስማማ ደግሞ አንድ የዝንብ ሥዕል ልኬልሻለሁ፣ ዝም ብለሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪለት።

ዛሬ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ፤ ነገ ዳግማይ ትንሣኤ አይደል። ዲሬክተሩ መዝገቡን አቧራውን አራግፎ ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅቶልኝ ነበር።
«ወይዘሮ ጥሩአየሁ፣ ይኸው ጠብቆዎታል» አለ።
«ጌታው፣ ሌላ ሰው ይፈልጉለት። ኅዳጉን ግን እንዳይፍቁብኝ» አልሁት።
መዝገቡን ዘግቶ «እንግዲያው ለትምህርት ቤቱ በር ታፔላ ያስፈልገናል፣ ማንን እናሠራ?» አለኝ። ፊት ለፊት ወይስ ከጎን ብዬ ጠየቅሁት። ወሬው እዚህም ደርሷል መሰለኝ፣ ጎፈሬውን ዳበስ አድርጎ «ፊት ለፊት» አለ።

ጆሮው የሚያየው የመጀመሪያው ታፔላ አሁን ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ ተሰቅሏል። ብሩሽ ባነሣሁ ቁጥር በሁሉም በኩል ያየኛል።

ወደ ቤቴ ስመለስ ፈረደን በእርጥብ ጨርቅ በሩ ላይ የጻፈውን ከሰል እየጠረገ አገኘሁት። ከሞጣ ማታ መግባቱ ነው። ጠርጎ ሲጨርስ ጨርቁን ሰጠኝና ዞር ሳይል እንዲህ አለኝ፦
«ሥራሽን ሥሪ እታለም፣ እኔ ከእንግዲህ አልናገርም። አፍንጫዬን ግን ከዚያ ሰውዬ ላይ አንሺልኝ።»

ባልንጀራሽ ጥሩአየሁ
ሠዓሊ፣ ቢቸና